ዳማ ናፍጣ ለመደ

የካቲት 11

ይድረስ ለእትዬ፣

የእኔ ሰላምታ ከእማዬ ሰላምታ ጋር አብሮ ይድረስሽ። እሷ ደህና ናት። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው መኪና ሥር ተጋድሜ እውላለሁ፣ ማታ እማዬ በሳሙና ፈትጋ ወደ ሰውነት ትመልሰኛለች።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አይድንም። አባባ ካረፈ ወዲህ ጋራዡ ጥግ የቆመውን መኪናውን ዳማን ሸራውን ገልጬ በደንብ አየሁት። አካሉ ዛሬም አለት ነው። ካምቢዮው ሁሉንም ማርሽ ይቀበላል፣ አራቱም እግሮቹ ይጎትታሉ። የቤንዚን ሞተሩ ግን ዋናው ብረት ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ጥፍሬን ያስገባል። ብበይደው አንዱን ዳገት ያወጣሽና ሁለተኛው ላይ ጥሎሽ ይቀራል። እዚያ ተራራ ላይ ብቸኛ አዋላጅ ሆነሽ በበቅሎ ስትንከራተቺ፣ ከበቅሎዋ የባሰ ነገር አልክልሽም።

የእውነት ለጤና ጣቢያሽ እንዲያገለግል ከፈለግሽ ያለው መንገድ አንድ ነው። አሮጌውን ሞተር አውጥቼ የናፍጣ ሞተር ልግጠምለት። ሥራው ቀላል አይደለም። ዳማ ሲወለድ ለናፍጣ አልተወለደም፤ ብዙ ቦታ መቁረጥና መበየድ አለብኝ። እሺ ካልሽ ሞተር ማፈላለግ እጀምራለሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። ስንት ዓመት ሙሉ «ያን ቆርቆሮ ምን ያደርግልሃል? ለፈለገው ስጠው» ስትይኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ከክረምት በፊት ካልደረሰልኝ የምትይው ለምንድነው? ክረምት እንደሆነ በየዓመቱ ይመጣል።

ታናሽሽ ብሎን

የካቲት 29

ለብሎን፣

መልስ በማዘግየቴ አትቀየመኝ። ደብዳቤህን ያመጣልኝ ባለወፍጮው ነው። ናፍጣ ሊቀዳ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ገበያ ሲወርድ ከአውቶቡሱ ሾፌር ይቀበልልኛል። ሰሞኑን ወፍጮው ተበላሽቶበት አልወረደም።

እሺ፣ ናፍጣ ይሁን። እዚህ ቤንዚን ፍለጋ መውጣት ጤዛ እንደ መዝገን ነው። ናፍጣ ግን ባለወፍጮው ቤት በበርሜል አለ። ነገሩን ሳጫውተው፣ ለአዋላጇማ ከወፍጮዬ አፍ ነጥቄም ቢሆን እቀዳለሁ አለኝ። ሚስቱን ያዋለድኩለት እኔ ነኝ፤ እሱም ይህን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይናገራል።

ስለ መንገዱም ልንገርህ። ከጤና ጣቢያው እስከ ወንዙ ቁልቁለት ነው፣ ድንጋይና ጭቃ። ወንዙ ድልድይ የለውም። አሁን ፍየል ጉልበቷ ሳይርስ ትሻገረዋለች፤ ሲሞላ ግን ከበቅሎ ሆድ ያልፋል። ከማዶ ጥርጊያ መንገድ አለ፣ እስከ ሆስፒታሉ ይወስዳል።

እግረ መንገድህን ሁለት ነገር አድርግልኝ። የኋላው ወንበር ሰው ተጋድሞ የሚሄድበት ይሁን። ባሌስትራውንም እንደሚሆን አድርገህ አለስልሰው። አባባ ሲነዳ ምላሳችንን ነክሰን እንደምንወርድ አንተም አትረሳውም።

ለምን ቸኮልሽ ላልከው፣ ክረምት በየዓመቱ ይመጣል፣ እኔም በየዓመቱ አረጃለሁ። ይኸው መልሴ።

ለእማዬ የአባባን ሞተር ልናወጣ መሆኑን ነግረሃታል? አንተው ንገራት። ለእኔ ከዚህ ማዶ ሆኜ መጻፍ ቀላል ነው፤ ፊቷን የምታየው ግን አንተ ነህ።

እህትህ

መጋቢት 22

ይድረስ ለእትዬ፣

ስለ እጄ የምትሰሚው ሁሉ ውሸት ነው። የዚያ የአውቶቡስ ሾፌር አፍ ማርሚታው ወድቆ ከሚያጓራ መኪና ይብሳል።

ሞተር ተገኝቷል። አንድ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ገደል ገብቶ አካሉ እንዳልነበረ ሲሆን፣ ሞተሩ ጭረት እንኳ አልነካውም። ሾፌሩም ተርፏል፤ እሱን ሳልጠይቅ አልገዛሁም። ስንፈታው ከየጉድጓዱ የዳቦ ፍርፋሪ ይረግፍ ነበር። ቶርኖ ቤት ያለው ጓደኛዬ፣ ይህ ሞተር ጠግቦ ያደገ ስለሆነ ዳገት አያስፈራውም ብሏል።

እማዬን ነገርኳት።  በማግስቱ የአባባን ሞተር በሰንሰለት አስሬ ላነሳ ስል በርጩማዋን ይዛ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። ታለቅሳለች ወይም አቁም ትለኛለች ብዬ በየመሀሉ ቀና እያልኩ አያታለሁ። ሞተሩ ከቦታው ተነቅሎ አየር ላይ ሲወዛወዝ ዘይቱ እግሯ ሥር ተንጠባጠበ። እሷ ግን እግሯን እንኳ አልሰበሰበችም።

«አባትህ ይኼን ሞተር ሲሰድበው ነው የኖረው» አለች። «በየዳገቱ እያስለመነ አስረጀው። እሱ የሚወደው መኪናውን ነበር፣ ይኼንንማ አይደለም። በል አውጣልኝ።»

እኔ አባባን የማውቀው ከሞተሩ ጋር ስለነበር፣ ይህን ስሰማ ከጫንቃዬ ላይ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ።

የቀረው ትግል አዲሱን ሞተር ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር ማጋባት ነው። ብሎናቸው አይገጥምም፣ ቁመታቸው አይገናኝም። መሀላቸው የሚገባ ወፍራም ብረት ቶርኖ ቤት እያስቆረጥኩ ነው። እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ሁለቱንም ይዞ የሚኖረው እሱ ነው። ሞተሩ ረጅም ስለሆነ ኮፈኑ አልዘጋ ብሏል፤ ኮፈኑን ቀድጄ ጉብታ እሠራለታለሁ። ዳማ ግንባሩ ላይ ተመትቶ ያበጠ ይመስላል፤ እንዳትስቂበት።

ብሎን

ሚያዝያ 9

ለብሎን፣

ውሸት ከሆነ ደብዳቤውን በግራ እጅህ ለምን ጻፍከው? ፊደሎችህ ከሰርግ ቤት የሚመለሱ ይመስላሉ።

ሾፌሩ ለባለወፍጮው ሁሉን ዘርዝሮ ነግሮታል። ሰንሰለቱ ሾልኮ ሞተሩ ቀኝ እጅህን ከሻንሲው ጋር እንዳጣበቀው፣ ቶርኖ ሠሪው በብረት ፈልቅቆ እንዳወጣህ፣ ጥፍርህ እንደሄደ፣ አጥንትህ ግን እንደተረፈ። የምደብቀው አንቺን ላለማስጨነቅ ነው ልትለኝ ነው አይደል? እኔን የሚያስጨንቀኝ መደበቅህ ነው። የቴታነስ መርፌ ካልተወጋህ ይህን ደብዳቤ አስቀምጥና ሂድ። ፋሻውን በየቀኑ ቀይር፤ በጋራዥ ጨርቅ እንዳይሆን።

በቅሎዋም ደህና ናት፣ ግን እኔ እሷ ላይ መቀመጥ ትቻለሁ። ቤት ለቤት የምትሄደው ረዳቴ ነርሷ ናት። ደከመኝ መሰለኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሆስፒታሉ ለስልጠና እወርዳለሁና ከዚያ ስመለስ እጽፍልሃለሁ።

እማዬ የላከችልኝ ሳሙና ደርሷል። ሽታው አልስማማ ስላለኝ ለነርሷ ሰጠኋት፤ እንዳትነግራት። የሎሚ ከረሜላ ካገኘህ እንዲያመጣልኝ ለሾፌሩ ስጥልኝ። ብዙ ይሁን።

እህትህ

ሚያዝያ 25

ይድረስ ለእትዬ፣

ከረሜላው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። መርፌውን ተወግቻለሁ። ይህንን ደግሞ የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው።

ደብዳቤሽን ለእማዬ ሳነብላት ሳሙናው ላይ ስደርስ ልዘለው አስቤ ነበር፣ አፌ ቀደመኝ። ትቆጣለች ስል «እስቲ መልሰህ አንብበው» አለችኝ። አነበብኩ። ከረሜላውን አንብብ አለች። ከዚያ ወደ በቅሎዋ አስመለሰችኝ። ሰው የሚተኛበትን ወንበር ነገር ደግሞ ቀድሞ ሰምታ ነበር። አገጯን ያዘችና «ስንት ወሯ ነው?» አለች።

«የማን?» አልኳት።

ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። እኔ መኪና ከመንገዱ ማዶ ሲያልፍ በድምፁ ብቻ ምን እንዳመመው የምናገር ሰው፣ የገዛ እህቴ ስትጽፍልኝ አንድ ነገር አልሰማሁም።

እትዬ፣ እንደ እጄ አትደብቂብኝ።

ሞተሩ ተነስቷል። መጀመሪያ ሲነሳ ግን ዳማ መላ አካሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የጎን መስታወቱ እስኪረግፍ። አስታራቂው ብረት በፀጉር ያህል ጠሟል። ሌላ እያስቆረጥን ነው። ከዚህ በኋላ የሌላ ሰው ሥራ አልቀበልም። ደንበኞቼን ወደ ጎረቤት ጋራዥ መርቼያቸዋለሁ።

ብሎን

ግንቦት 8

ለብሎን፣

ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ለእማዬ ንገራት።

ተቀይማ ከሆነ እንዲህ በልልኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ «አረገዝኩ» ብዬ ጻፍኩላችሁ፣ ሁለት ጊዜ «አልሆነም» ብዬ ጻፍኩላችሁ። ያንን ሁለተኛውን ደብዳቤ እንደገና መጻፍ አቃተኝ። ስለዚህ የመጀመሪያውንም ሳልጽፍ ቆየሁ። የሚያውቁት ባሌና ነርሷ ብቻ ናቸው። ባሌ መምህር ሆኖ ምስጢር መጠበቁ እኔንም ገርሞኛል።

ሆስፒታል የወረድኩትም ለስልጠና አልነበረም። ልጁ ደህና ነው። የእንግዴ ልጁ ግን ዝቅ ብሎ መውጫው ላይ ተቀምጧል። ለእማዬ፣ በሩ ላይ ድንጋይ ተደግፎበታል ብለህ አስረዳት። እንዲህ ሲሆን በምጥ አይወለድም፤ ሐኪም በኦፕሬሽን ማውጣት አለበት። ምጡ ወይም ደሙ እዚህ ከጀመረኝ፣ በዚህ ተራራ ላይ እኔን የሚያዋልድ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስንቷን ሴት «ቶሎ ውረጂ» ብዬ እንደተቆጣሁ ብታውቅ!

ታዲያ አሁኑኑ ለምን አትወርጂም ልትለኝ ነው። በእኔ ምትክ የሚሠራው አዋላጅ የሚመጣው በሰኔ መጨረሻ ነው ተብሏል። እስከዚያ ቀናቸው የደረሱ ሴቶች አሉ፤ አንዷ መንታ ናት። ጥያቸው ወርጄ እህል አይወርድልኝም። ምትኬ የመጣ ዕለት እወርዳለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ቢፈጠር ደግሞ መኪና ደጄ ላይ ይቁም።

እንግዲህ ለምን እንደቸኮልኩ ገባህ። ብነግርህ እጅህ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አሁን ግን አውቀህ ብትሠራው ሳይሻል አይቀርም።

እህትህ

ግንቦት 30

ይድረስ ለእትዬ፣

ዳማን እናንተ ዘንድ አስረክቤ ደህና ገብቻለሁ። እማዬ በር ላይ ሆና ጠበቀችኝና እንዴት ናት አለችኝ፤ ወፍራለች አልኳት። እግርሽ ማበጡን አልነገርኳትም፤ ግን «ጫማዋን ማን ያስርላታል?» ብላ ጠየቀችኝ። እሷን መሸወድ አይቻልም።

መምህሩን መንዳት ለማስተማር ያሳለፍነውን ቀን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። ዳማን እንደ ሰነፍ ተማሪ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እያለ ነው የሚያወጣው። ከሁለተኛ ማርሽ መውጣት አይወድም። ተይው፤ ለዚያ መንገድ ሁለተኛ ማርሽ ይበቃዋል። የናፍጣ ሞተር ቀስ እያለ መጎተት ያውቅበታል።

ጠዋት ሲነሳ ለሚያጨሰው ነጭ ጭስ አትጨነቁ፣ ብርድ ነው። ጥቁር ጭስ ካያችሁ ግን ጻፉልኝ።

ስንለያይ ስለ ወንዙ ደግመሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መምህሩ የነገርኩትን ያስታውስ። የድሮው የቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ ነበር የሚኖረው፤ ካንዴላው ውሃ ከነካው ያበቃለታል። ናፍጣ ብልጭታ አያውቅም። በመተንፈሻው ውሃ ካልጠጣ በቀር አይሞትም፤ መተንፈሻውን ደግሞ ቱቦ ቀጥዬ እስከ ጣራው አውጥቼዋለሁ። ውሃ መሀል ገብቶ መቆም ግን የለም፤ ከነዳጅ መስጫው ላይ እግሩን አያንሳ።

ዳማ አጠገብሽ ቆሞ ማየቴ ደግ ሆነልኝ። ቢሆንም ዛሬ ውረጂ ብትባዪ ደስታዬ ነው።

ብሎን

ሰኔ 14

እትዬ፣

ሁለት ደብዳቤ ልኬ መልስ የለም። ሾፌሩ ባለወፍጮውን ገበያ ካየሁት ቆየሁ ይላል። የሆስፒታሉ ስልክ ዝናቡ ከጣለው ወዲህ አይሠራም። ወንዙ ሞልቷል የሚል ወሬ ደርሶናል። እማዬ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር በር ላይ ትቆማለች። 

አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። መምህሩም ቢጽፍ ይሁን።

ብሎን

ሰኔ 17

ለእማዬና ለብሎን፣

ሁለታችንም አለን። ሴት ናት።

ይህን የምጽፈው ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ዝም በማለቴ ይቅር በሉኝ፤ እስከ ትናንት ቀና ማለት አልቻልኩም። መምህሩ ልጻፍላቸው ብሎ ብዙ ወረቀት አበላሸ፤ «ለክቡራን ቤተሰቦች» ከሚለው አላለፈም።

መንታዋን ካዋለድኩ በኋላ ነው። ሁለቱም ልጆች ደህና ናቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ካርድ እየሞላሁ ሳለ ደም ጀመረኝ። ህመም የለውም፤ እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈራው። ነርሷን ጠራኋትና ምን ማድረግ እንዳለባት አንድ በአንድ ነገርኳት። ስለ ሌላ ሴት የማወራ ይመስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም አለችኝ። መምህሩን ከክፍል አስጠሩት። ጠመኔው እጁ ላይ እንዳለ መጣ።

ዳማ ወዲያው ተነሳ። እኔ ኋላ ተጋደምኩ፣ ነርሷ እግሬን ከፍ አድርጋ ያዘች። ቁልቁለቱን ሙሉ ዝናብ ነበር። ወንዙ ላይ ስንደርስ መምህሩ መኪናውን አቆመ። ቀና ብዬ ወንዙን አየሁት። ውሃው ቡናማ ሆኖ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ባለወፍጮው ከማዶ ዳር ቆሞ ነበር፤ መሻገር አቅቶት በርሜሉን ይዞ የከረመው እዚያ ነው። በእጁ «አትምጡ» የሚል ምልክት ያሳያል።

መምህሩ ዞሮ አየኝ። እንመለስ ሊለኝ እንደሆነ ገባኝ።

«ከተመለስን እኔም እሷም የለንም» አልኩት። «ዳማ ይሻገራል። አንተ ብቻ እግርህን አታንሳ።»

ሴት መሆኗን አላውቅም ነበር፤ አፌ ነው ያለው።

እያለቀሰ ገባ። ውሃው በበሩ ሥር ገብቶ ወለሉን ሞላው። አንድ ቦታ ላይ የኋላው እግር ተንሸራቶ ወደ ጎን ወሰደን፣ ውሃው በጉብታው ኮፈን ላይ ወጣ፣ የሞተሩም ድምፅ ወፍሮ ወፍሮ ሊያልቅ መሰለኝ። መምህሩ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይላል። አለቀ ስል ፊት ያለው ጎማ ድንጋይ ነከሰ፣ ዳማም እየጎተተ ወጣ። ባለወፍጮው በውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ሲቀበለን ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላውቅም።

ሐኪሟ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብላ ጀመረችና ተወችው። ደም መምህሩና ነርሷ ሰጡኝ። ልጅቷ ቀኗ ሳይሞላ ስለመጣች ትንሽ ናት፣ ግን ድምፅ አላት። ማህፀኔም ተርፏል። ወንዙ ጎደል ሲል ምትኬም ከቀኑ ቀድሞ ተሻግሮ ጤና ጣቢያውን ተረክቧል፤ ዳማን ከመምህሩ ጋር ወደ ላይ እንመልሰዋለን።

መምህሩ እኔን ኦፕሬሽን ሲያስገቡኝ ደጅ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆየ። ካጠፋሁት አይነሳ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነው። በመጨረሻ ዘበኛው መጥቶ፣ ጌታዬ ደግሞ የሚሄዱበት አለ ወይ ብሎ ጠየቀው።

ለልጅቷ ገና ስም አላወጣንም። ባለወፍጮው ግን «ናፍጣ በሏት» ብሏል።

እህትህ፣ ልጅሽ

ሰኔ 22

ይድረስ ለእትዬ፣

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። እኛም ተገላገልን።

የአውቶቡሱ ሾፌር ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምሮ ጥሩምባውን እየነፋ ነው የመጣው። መንገደኞቹ በመስኮት ብቅ ብለው ምን ሆነ ይላሉ። ፖስታውን በመስኮት ሰጠኝና ዓይኑን ጠርጎ ሄደ፤ ከእንግዲህ ስለ አፉ ክፉ አልናገርም።

እማዬ ጋራዡ ውስጥ ነበረች። ሰሞኑን ቤት መቀመጥ አቅቷት ከእኔው ጋር ነው የምትውለው። «ሁለታችንም አለን» የሚለውን አነበብኩላት። ቀጥል አላለችኝም። ያንኑ መልሰህ በልልኝ አለች፤ አልኩላት። አሁንም አለች። ወንዙ ላይ ስደርስ እሷ ናት ጀርባዬን እየመታች ያስጨረሰችኝ። ሐኪሟ ጀምራ የተወችው ላይ ስደርስ እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

እማዬና እኔ ሐሙስ በአውቶቡሱ እንነሳለን። ከፊት ያለውን ወንበር ሾፌሩ ለእሷ ይዞላታል። ለልጅቷ ያዘጋጀችው የልብስ ጥቅል መች እንደተሠራ አላውቅም፤ ለካ ከሚያዝያ ጀምሮ ከእኔ ደብቃ ስትሰፋ ነበር። እናንተ ሴቶች እኔን ሳትነግሩኝ የማትሠሩት ነገር የለም።

ብነግርህ እጅህ ይንቀጠቀጣል ብለሽ ፈርተሽ ነበር። እጄ ተንቀጥቅጧል፣ እውነቴን ነው፤ ግን እያንዳንዱን ብሎን ደግሜ ነው ያጠበቅኩት።

ከደብዳቤው በኋላ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የአንድ ጭነት መኪና የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎ እየደበደብኩ ነበር፤ ጩኸቱን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ሙት ይቀሰቅሳል። እማዬን ሻይ ላምጣልሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ዞር ስል፣ በርጩማዋ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ወንዙ ሞላ ከተባለ ወዲህ ዓይኗን ስትከድን አይቻት አላውቅም። መዶሻውን አስቀመጥኩ። ባለጭነት መኪናው መጥቶ ሊጮህ ሲል በጣቴ ዝም አሰኘሁትና ነገ ና አልኩት። የጋራዡን በር ገርበብ አድርጌ፣ ኮቴን አልብሻት፣ ይህን አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። አሁንም አልነቃችም።

ብሎን